ዓይን ወዴት ይሂድ? በዲዛይን ቅንብር ስለ አቅጣጫ ከአንባቢያን የተላኩ ጥያቄዎች

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ስለሆኑ አንድ ላይ አስተናግደናቸዋል። ጉዳዩ አቅጣጫ ነው። ቀለምና ፎንት ለመምረጥ ብዙ ሰዓት የሚያጠፋ ዲዛይነር፣ የተመልካቹ ዓይን ከየት ተነሥቶ በየት በኩል አልፎ የት እንደሚያርፍ ሳይወስን ሥራውን ሲያስረክብ በተደጋጋሚ እናያለን። ዲዛይነሩ አልወሰነም ማለት ግን ሥራው አቅጣጫ የለውም ማለት አይደለም። መስመሩም፣ ፎቶውም፣ የጽሑፉ አደራደርም ዓይንን ወደ ሆነ ቦታ መግፋታቸው አይቀርም፤ ሳይወሰን ሲቀር እያንዳንዱ ወደየራሱ ይገፋል።

ጥያቄ፦ ለአንድ ጉባኤ ፖስተር ሠራሁ። ርዕሱ ከላይ፣ ፎቶው መሐል፣ ቀንና ቦታው ከታች ነው። ሁሉም በመሐል መስመር ላይ ተደርድሯል። ስሕተት አላገኘሁበትም፤ ነገር ግን ሕይወት የለውም። ምን ጎደለው?

መልስ፦ እንደ ገለጻዎ ከሆነ የጎደለው የበላይ አቅጣጫ ነው። ገጹ ቁመቱ ይረዝማል፤ በውስጡ ያሉት ነገሮች ደግሞ አግድም የተጋደሙ ናቸው። ርዕሱ አግድም፣ ፎቶው ወደ ጎን የሰፋ፣ ከታች ያለው ጽሑፍም አግድም። ገጹ ሽቅብ ሲል ይዘቱ ወደ ጎን ይላል፤ አንዳቸውም አያሸንፉም፣ ሥራውም ባለበት ይቆማል።

አግድም መስመር እንደተኛ ነገር ስለሚታይ ያረጋጋል። ቁም መስመር እንደቆመ ነገር ነው፤ ክብርና ጥንካሬ ይሰጣል። ሰያፍ መስመር ግን ወይ ሊወድቅ ወይ ሊነሣ ያለ ነገር ስለሚመስል እንቅስቃሴ ይፈጥራል። ይህን ስሜት የሰጠን ከመሬት ስበት ጋር መኖራችን ነው፤ የቆመ፣ የተኛና የሚወድቅ ነገር ምን እንደሚመስል አካላችን ያውቀዋል። የታጠፈ መስመር ደግሞ ዓይንን በዝግታ ያዞራል፤ ኩርባው እየጠበበ በሄደ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል።

አሁን ፖስተሩን በወረቀት ያትሙትና በላዩ ላይ ስስ ወረቀት ያድርጉ፤ ወይም በፕሮግራሙ ላይ አዲስ ሌየር (በሥራው ላይ የሚነጠፍ ግልጽ ንብርብር) ይክፈቱ። እያንዳንዱ ነገር ዓይንን ወዴት እንደሚገፋ በቀስት ይሳሉ። የፎቶው ጠርዝ፣ የሰዎቹ እይታ፣ የጽሑፉ ብሎክ፣ የቀለም ሽግግሩ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ብርቱ የሆነውን በወፍራም፣ ደካማውን በቀጭን ያድርጉት። ከዚያ ታችኛውን ሥራ ሰውረው ቀስቶቹን ብቻ ይመልከቱ። ወፍራሞቹ ቀስቶች በግልጽ ወደ አንድ ወገን ካላደሉ ችግሩ እዚያ ነው።

መፍትሔው አንዱን አቅጣጫ የበላይ ማድረግና ሌላውን ማሳነስ ነው። ቁም ከመረጡ፣ በኤ3 ወረቀት (297 በ420 ሚ.ሜ.) ላይ ፎቶውን 100 ሚ.ሜ. ስፋት ባለው ረጅም ቁራጭ ከላይ እስከ ታች ይልቀቁት፤ ከላይም ከታችም 3 ሚ.ሜ. የመቁረጫ ትርፍ (ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ ነጭ እንዳይቀር ከገጹ ውጭ የሚታከል) ሲጨመር ቁመቱ 426 ሚ.ሜ. ይሆናል። ርዕሱን መሐል ማድረጉን ትተው በፎቶው ጠርዝ ልክ በግራ ያስጀምሩት፤ የመስመሮቹ መጀመሪያ አንድ ላይ ሲሰለፍ ራሱ የማይታይ ቁም መስመር ይሠራል። አግድም ከመረጡ ፎቶውን ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ ዘርግተው ቁመቱን ከገጹ ሲሶ አያሳልፉ፤ የቀረውን ቦታ በብዛት ባዶ ይተዉት።

ሰያፍ ሁልጊዜ የተሻለ ምርጫ ነው ብለው እንዳያስቡ። የምሁራን ጉባኤ፣ የመታሰቢያ ዝግጅት፣ የሕግ ተቋም ጽሑፍ በሰያፍ ሲሠራ ይዘቱና መልኩ ይጣላሉ። ሩጫ፣ ሙዚቃ፣ የዋጋ ቅናሽ፣ ተቃውሞ፣ እነዚህ ሰያፍን ይሸከማሉ።

ጥያቄ፦ ርዕሱን ትንሽ አጋደልኩት። ማተሚያ ቤቱ ግን «ጠማማ ሆኗል፣ ላስተካክለው?» ብሎ ደወለልኝ። ስንት ዲግሪ ቢሆን ነው ሆን ተብሎ የተደረገ የሚመስለው?

መልስ፦ ማተሚያ ቤቱ ትክክል ነው። 200 ሚ.ሜ. የሚረዝም ርዕስ በ1 ዲግሪ ሲጋደል አንዱ ጫፍ ከሌላው የሚበልጠው በ3.5 ሚ.ሜ. ብቻ ነው። ይህ ወረቀት ተጣሞ ሲገባ ወይም ሲቆረጥ ከሚፈጠር ጉድለት ጋር ይምታታል። በ7 ዲግሪ ግን ልዩነቱ 24 ሚ.ሜ. ገደማ ስለሚሆን ማንም ስሕተት ነው አይለውም። እኛ ከ5 ዲግሪ በታች እንዳይወርዱ እንመክራለን። ከ5 እስከ 8 ለንባብ አያስቸግርም፤ ከ10 እስከ 15 ለፖስተር ርዕስ ጥሩ ጉልበት ይሰጣል፤ ከ30 በላይ ሲሆን አንገት ማዘንበል ስለሚጠይቅ ለሁለት ወይም ለሦስት ቃል ብቻ ይሁን።

በቅድሚያ መወሰን ያለበት ወደየት መጋደሉ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ የሚያነብ ሰው፣ ከግራ ታች ተነሥቶ ወደ ቀኝ ላይ የሚሄደውን ሰያፍ እንደ መውጣት፣ ከግራ ላይ ወደ ቀኝ ታች የሚሄደውን እንደ መውረድ ያየዋል። የዕድገት ሪፖርት ሽፋን ላይ የሚወርድ ሰያፍ ያደረገ ዲዛይነር፣ በጽሑፍ «አደግን» እያለ በመስመር «ወደቅን» ይላል።

ቀጥሎ ዲግሪውን አንድ ያድርጉት። ርዕሱ በ12፣ የቀለም ሰሌዳው በ9፣ የፎቶው ጠርዝ በ15 ሲሆን ሥራው የተበታተነ ይመስላል። የተጋደለው ሁሉ በአንድ ዲግሪ ይሁን፤ ሌላ ካስፈለገ ከእሱ ጋር 90 ዲግሪ የሚሠራውን ብቻ ይጨምሩ። ቀላሉ ዘዴ እያንዳንዱን ለየብቻ ከማጋደል ይልቅ ሥራውን ቀጥ አድርጎ ጨርሶ፣ የሚጋደለውን ሁሉ በአንድ ግሩፕ አስሮ አንድ ጊዜ ማዞር ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ስልክና አድራሻ ግን ቀጥ ብለው ይቅሩ፤ ሰው ቆሞ የሚገለብጣቸው መረጃዎች ናቸው። ያ አንድ ቀጥ ያለ መስመርም ሰያፉ ምን ያህል እንደተጋደለ ለዓይን መለኪያ ይሆናል።

ዳራውም አብሮ ከተጋደለ ማዕዘኖቹ ላይ ባዶ ነጭ ይወጣል፤ ይህ በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ጉድለት ነው። የሚያስፈልገውን መጠን በግምት ሳይሆን በስሌት ያግኙት፦ አዲሱ ስፋት የገጹ ስፋት በሚጋደልበት ዲግሪ ኮሳይን ተባዝቶ፣ የገጹ ቁመት በዚያው ዲግሪ ሳይን ተባዝቶ ሲደመር ነው፤ አዲሱ ቁመት ደግሞ ስፋቱ በሳይን፣ ቁመቱ በኮሳይን ተባዝተው ሲደመሩ ነው። ኤ4 ከነመቁረጫ ትርፉ 216 በ303 ሚ.ሜ. ነው። በ10 ዲግሪ ለሚጋደል ዳራ ከ266 በ336 ሚ.ሜ. ያላነሰ ያስፈልጋል። ፎቶው ይህን ያህል ካልሰፋ፣ ተለጥጦ ጥራቱ ከሚወርድ የዲግሪውን መጠን መቀነስ ይሻላል።

ፎቶን ደጋግሞ ማዞርም ይጎዳዋል። በ10 አዙረው፣ አልወደድኩትም ብለው ወደ 8 ሲመልሱት ፕሮግራሙ ፒክስሎቹን በየጊዜው እንደ አዲስ ያሰላቸዋል፤ ጠርዙ እየደበዘዘ ይሄዳል። በፎቶሾፕ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ስማርት ኦብጀክት (ዋናውን ፎቶ ሳይነካ ወደሚያስቀምጥ መያዣ) ይለውጡት፤ ያኔ ስሌቱ ሁልጊዜ ከዋናው ፎቶ ይነሣል። ጽሑፍና ቅርጽ ቬክተር (በፒክስል ሳይሆን በመስመር ስሌት የሚሳል) ሆነው ይቆዩ። ለስክሪን የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ቀጭን መስመርን በትንሽ ዲግሪ አያጋድሉ። 1 ፒክስል ውፍረት ያለው መስመር በ1 ዲግሪ ሲጋደል በየ57 ፒክስሉ አንድ ደረጃ ስለሚዘል መሰላል ይመስላል፤ በ10 ዲግሪ ግን በየ6 ፒክስሉ ገደማ ስለሚዘል ዓይን እንደ አንድ መስመር ይቀበለዋል።

ማጋደልንና መግፋትን አያምታቱ። ማጋደል ፊደሉን ቅርጹን ሳይነካ ያዞረዋል። መግፋት ግን እግሩን መሬት ላይ አስቀርቶ ራሱን ወደ ጎን ያንሻፍፈዋል። አብዛኞቹ የግዕዝ ፊደል ፎንቶች የራሳቸው ሰያፍ (ኢታሊክ) ቅርጽ ስለሌላቸው የሰያፍ ቁልፉን ሲጫኑ ፕሮግራሙ ቀጥ ያለውን ፊደል በግድ ይገፋዋል። የ«ዐ» እና የ«ፀ» ክቦች ተጣመው ይወጣሉ። ፍጥነት ለማሳየት ከፈለጉ ጽሑፉን በሙሉ ማጋደል ከዚህ ይሻላል።

ሰያፍ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ማየት የሚፈልግ ሰው ሩሲያዊው ሠዓሊና ዲዛይነር ኤል ሊሲትዝኪ እ.ኤ.አ. በ1919 የሠራውን ፖስተር ይመልከት። ሹል ቀይ ሦስት ማዕዘን ከግራ ተነሥቶ ነጩን ክብ ይወጋዋል። ቃላቱም በየአቅጣጫው ተጋድለዋል፤ ነገር ግን አንድም ቃል ከቀዩ ሹል ጋር በመጠን አይፎካከርም። አንዱ የበላይ፣ ሌሎቹ አጃቢ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ጥያቄ፦ ለማስታወቂያ በተነሣው ፎቶ ላይ ያለችው ሴት ወደ ቀኝ ትመለከታለች። ደንበኛው ግን ጽሑፉ በግራ በኩል ይሁን ይላል። ፎቶውን እንደ መስታወት ባገለብጠው ችግር አለው?

መልስ፦ በገጽ ላይ ካሉ ነገሮች ሁሉ ዓይንን ቀድሞ የሚስበው የሰው ፊት ነው። ከፊቱ በኋላ ደግሞ ሰው ፊቱ ወደሚመለከትበት ይመለከታል፤ ይህን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሳናስብ እናደርገዋለን። ስለዚህ ሴትዮዋ ወደ ቀኝ ስታይ ጽሑፉ ከጀርባዋ ከሆነ ተመልካቹን ከመልእክቱ ታርቃለች። ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መገልበጥም ብዙ ጊዜ ይሠራል። ከመገልበጥዎ በፊት ግን ፎቶውን አጉልተው እነዚህን ይፈትሹ።

ጽሑፍ አለ? ከጀርባዋ ያለ ታፔላ፣ በልብሷ ላይ ያለ ቃል፣ በኮምፒውተር ላይ ያለ አርማ፣ የመኪና ሰሌዳ፣ ሁሉም ይገለበጣል። ሰዓት ካሠረች የሰዓቱ ቁጥሮች ይዞራሉ። የልብስ ቁልፍ የሚቆለፍበት ወገን ይለወጣል። ቀለበቷ ወደ ሌላ እጅ ይሄዳል። መኪና ውስጥ ከሆነች መሪው በተቃራኒው ወገን ይሆናል። የታወቀ ሕንፃ ከጀርባዋ ካለ የሚያውቀው ሰው ወዲያው ይነቃል። ፊቷ በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ከሆነም አይገልብጡ፤ የማንም ፊት ግራና ቀኙ እኩል ስላልሆነ «አንድ ነገሯ ተለውጧል» ያሰኛል። በመጨረሻ ብርሃኑን ይመልከቱ። ሲገለበጥ ከግራ የነበረው ብርሃን ከቀኝ ይሆናል፤ በዚያው ገጽ ላይ የምርቱ ፎቶ ጥላ ወደ ሌላ ወገን ከወደቀ ሁለቱ አብረው የተነሡ አይመስሉም። የምርት ፎቶውን ራሱን ፈጽሞ አይገልብጡት።

ከእነዚህ አንዱ ከከለከለዎት ለደንበኛው ሁለት አማራጭ ጎን ለጎን አሳይተው ጽሑፉን ወደ ቀኝ እንዲያዞር ያሳምኑት። ወይም በቀጥታ ወደ ካሜራ የምታይበትን ፎቶ ይምረጡ። ቀጥታ እይታ ተመልካቹን ፊቱ ላይ ያቆመዋል፤ ወደ ጽሑፉ አይገፋውም፤ ከጽሑፉም አያርቀውም። ያኔ ዓይንን ወደ ጽሑፉ የማምጣቱ ሥራ የፊደል መጠንና የቀለም ንፅፅር ይሆናል።

ቦታውን በተመለከተ የፎቶውን ስፋት ለሦስት ይክፈሉ። ጭንቅላቱ በአንዱ ሲሶ ውስጥ ይሁን፣ ሁለቱ ሲሶ ከፊት ለፊቱ ባዶ ይቅር። ፊት ከገጹ ጠርዝ ጋር ተፋጥጦ ሲቆም የመታፈን ስሜት ይፈጥራል፤ እስርን ወይም ስጋትን ለማሳየት ካልሆነ አይጠቀሙበት። ከዚያ ከዓይኗ ብሌን ተነሥተው ወደምታይበት ወገን ቀጥ ያለ ጋይድ (በፕሮግራሙ ላይ ብቻ የሚታይ፣ የማይታተም መመሪያ መስመር) ይሳቡ። እይታዋ ትንሽ ወደ ታች ከሆነ ጋይዱንም ዝቅ ያድርጉት። የርዕሱ የመጀመሪያ መስመር ጋይዱ በሚያልፍበት ቁመት ላይ ይሁን። በፊቷና በርዕሱ መካከል ቢያንስ የፊቷን ስፋት ግማሽ ያህል ክፍት ቦታ ይተዉ፤ በጣም ከተጠጋ ፊቱና ጽሑፉ አንድ እብጠት ይሆናሉ።

አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። ጭንቅላቷ ወደ ቀኝ ዞሮ ዓይኗ ወደ ግራ ከሆነ በትልቅ ፖስተር ላይ ዓይኗ ያሸንፋል። በስልክ ላይ ፊቷ የጥፍር ያህል ሲሆን ግን ብሌኑ ስለማይታይ አፍንጫዋ ያሸንፋል። ለሁለቱም የሚውል ፎቶ ጭንቅላትና ዓይን የተስማሙበት ይሁን።

ጥያቄ፦ ቀስት መጠቀም ደንበኞቼ አይወዱም። ያለ ቀስት አቅጣጫ ማሳየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ብዙ ጊዜም የተሻለ ነው። አንዱ መንገድ ተመሳሳይ ቅርጽን በመጠን እያሳደጉ መደጋገም ነው። አምስት ክቦች 8፣ 11፣ 16፣ 22 እና 31 ሚ.ሜ. ዲያሜትር ይኑራቸው፤ እያንዳንዱ ከቀዳሚው 1.4 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። በመካከላቸው ያለውንም ክፍተት በዚያው መጠን ያሳድጉ። በየጊዜው እኩል 5 ሚ.ሜ. ብቻ ቢጨምሩ መጨረሻ ላይ ያሉት ልዩነታቸው ጠፍቶ ዓይን ግስጋሴውን ያጣል። የበለጠ ማድረስ የሚፈልጉትን ነገር በትልቁ ክብ በኩል ያድርጉት፤ ቅደም ተከተሉም ክብደቱም ወደዚያው ይገፋሉ። ሦስት ብቻ ሲሆን እድገት ሳይሆን ሦስት የተለያዩ ክቦች ይመስላሉ።

ሌላው እየቀጠነ የሚሄድ ቅርጽ ነው፤ ዓይን ወደ ሹሉ ይሮጣል። ከደማቅ ወደ ፈዛዛ የሚሄድ ቀለምም ይገፋል፤ ሆኖም ከ10 በመቶ በታች የወረደ ቀለም በሕትመት ላይ ሊጠፋ ስለሚችል መጨረሻውን እዚያ ላይ አያስጠጉት። የእጅ ጣት፣ የመኪና አፍንጫ፣ የወፍ ምንቃር፣ የጫማ ጫፍ፣ እነዚህም ቀስቶች ናቸው። ዲዛይነሮች የሚረሷቸው ቀስቶች ግን እነዚህ ናቸው፤ ምርቱን በቀኝ አስቀምጠው ከጎኑ ያለው ጫማ ወደ ግራ ጠርዝ ይጠቁማል።

በባዶ ቦታ የተሠራ አቅጣጫ የሚያስደንቅ ምሳሌ የዕቃ ማመላለሻ ድርጅቱ የፌዴክስ (FedEx) ሎጎ ነው። ዲዛይነሩ ሊንደን ሊደር እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሠራው በመጨረሻዎቹ ሁለት የላቲን ፊደላት መካከል ወደ ቀኝ የሚያመለክት ነጭ ቀስት አስቀረ። ቀስቱ እንዲወጣ የፊደላቱ መጠንና ርቀት ተስተካክሏል፤ በሌላ ፎንት ቢጻፍ አይኖርም። ቀስቱ በሌላ ቀለም አልተቀባም፣ መስመርም አልተደረገበትም። በሥራዎ ላይ እንዲህ ያለ ቅርጽ ሲያገኙ አያስምሩበት፤ ያላየው ሰው ቢኖርም ሎጎው መሥራቱን አያቆምም።

ጥያቄ፦ ሰዎች ሥራዬን ሲያዩ ዓይናቸው ቶሎ ከገጹ ይወጣል ተብያለሁ። እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ ማዕዘኖቹን ይመልከቱ። መንገድ፣ አጥር፣ የጠረጴዛ ጠርዝ ወይም ሰያፍ የቀለም ሰሌዳ ልክ ማዕዘኑ ላይ ካለቀ እንደ መውጫ በር ነው። መፍትሔው ፎቶውን ጥቂት አንሸራቶ መስመሩ ከማዕዘኑ ርቆ ጠርዙን እንዲነካ ማድረግ፣ መውጫው ላይ ንፅፅሩን መቀነስ፣ ወይም በመውጫው አጠገብ ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ነገር ማስቀመጥ ነው፤ የሎጎ ወይም የትንሽ ጽሑፍ ብሎክ ይበቃል። ሁለት ሰያፍ መስመሮች ከተሻገሩ ደግሞ ዓይን የሚሄደው መገናኛቸው ላይ ነው። እዚያ ዋናው መልእክት ከሌለ አንዱን መስመር ያውጡት። ሥራውን ወደ ጎን ገልብጠው፣ ወይም ዓይንዎን ግማሽ ጨፍነው ሲያዩት መውጫው ራሱ ይገለጥልዎታል።

ጥያቄ፦ አንድ ድርጅት ብሮሸሩን በአማርኛና በዐረብኛ ይፈልጋል። የአማርኛውን ጨርሻለሁ። ጽሑፉን ብቻ ብቀይረውስ?

መልስ፦ አይበቃም። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ የገጹ ጉዞ በሙሉ ይዞራል። በግራ ላይ የነበረው ርዕስ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የሚታጠፍ ብሮሸር ከሆነ የሚከፈተው በተቃራኒው ወገን ነው፤ የገጾቹ ቅደም ተከተል ካልተለወጠ የኋላ ሽፋኑ የፊት ሆኖ ይታተማል። «ቀጣይ» የሚሉ ቀስቶች፣ የሂደት አሞሌዎች፣ የነጥብ ዝርዝሮች ሁሉ ይዞራሉ። ሲወጣ የነበረው ሰያፍም ይገለበጣል፤ አለበለዚያ ለዐረብኛ አንባቢ የሚወርድ ይሆናል። የፌዴክስ የዐረብኛ ሎጎ ላይ ያለው ቀስት ወደ ግራ የሚያመለክተው በዚህ ምክንያት ነው።

የማይዞሩም አሉ። የሌላ ድርጅት ሎጎ፣ የሰዓት ምስል፣ የቪዲዮ ማጫወቻ ምልክት፣ የ«ትክክል» ምልክት አይገለበጡም። ቁጥሮችም በዐረብኛ ጽሑፍ ውስጥ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚነበቡት፤ የስልክ ቁጥር ተገልብጦ መታተሙ የተለመደ ስሕተት ስለሆነ አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ፎቶዎቹን ለመገልበጥ ከላይ የሰጠነው ፍተሻ እዚህም ይሠራል። የዐረብኛ ፊደላት ተለያይተውና በተቃራኒው ተደርድረው ከታዩ ፕሮግራሙ የዐረብኛ አደራደር አልተከፈተለትም፤ የአንቀጹን አቅጣጫ ወደ ቀኝ-ወደ-ግራ ይቀይሩ፣ ከዚያም ቋንቋውን የሚያነብ ሰው ሳያየው ወደ ሕትመት አይላኩት።

ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ገጽ ላይ ከሆኑ ግን ጥሩ ዕድል አለ። አማርኛውን በግራ ወገን በግራ አሰልፈው፣ ዐረብኛውን በቀኝ ወገን በቀኝ አሰልፈው ያስቀምጡ። ሁለቱም አንባቢዎች ከውጭ ጠርዝ ተነሥተው ወደ መሐል ይመጣሉ። ዋናውን ምስል ወይም ቁጥር በመሐለኛው ዓምድ ካደረጉት ለሁለቱም የመድረሻ ቦታ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ ሰያፍ አይጠቀሙ፤ ለአንዱ ሲወጣ ለሌላው ይወርዳል። ቁም መስመር ለሁለቱም እኩል ነው።

ጥያቄ፦ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በጣት እየተንሸራተቱ የሚታዩ ተከታታይ ምስሎች እሠራለሁ። ሰው ከመጀመሪያው አያልፍም። አቅጣጫ ይረዳል?

መልስ፦ ይረዳል፣ ግን ምስሎቹ ለየብቻ ሲሠሩ አይሆንም። አምስት ምስል ከሆነ 5400 በ1350 ፒክስል የሆነ አንድ ረጅም ካንቫስ ይክፈቱ፤ በ1080፣ 2160፣ 3240 እና 4320 ላይ ጋይድ ያድርጉ። አንድ መስመር፣ ጥላ ወይም የቀለም ሰሌዳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሁሉም ጋይዶች ላይ ይለፍ። በየመቁረጫው ላይ አንድ ነገር ለሁለት ይከፈል፤ ሁለት ሦስተኛው በዚህ ምስል፣ የቀረው በቀጣዩ። የተቆረጠ ነገር ቀሪውን የማየት ፍላጎት ይፈጥራል። ፊትንና ቃልን ግን አይቁረጡ፤ ጽሑፍ ከጋይዱ ቢያንስ 60 ፒክስል ይራቅ።

የመጀመሪያው ምስል ላይ ብርቱው አቅጣጫ ወደ ቀኝ ጠርዝ ይሁን፤ ቀጣዩ ምስል የሚመጣው ከዚያ ነው። በመጨረሻው ምስል ላይ ግን መስመሩን ያስቁሙት። ወደ ቁም ይታጠፍ፣ ወይም ስልክ ቁጥሩ ላይ ያርፍ። እስከ ቀኝ ጠርዝ ከሄደ ሰው ሌላ ምስል ያለ መስሎት ጣቱን በከንቱ ያንሸራትታል። ሲቆራርጡ እያንዳንዱ ቁራጭ ልክ 1080 ፒክስል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ጋይዱ በ1080.5 ላይ ካረፈ በጠርዙ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ይወጣል።

ጥያቄ፦ በፖስተር ጎን ላይ ጽሑፍ ቁልቁል ማስኬድ እፈልጋለሁ። ላዙረው ወይስ ፊደላቱን አንድ በአንድ ልደርድር?

መልስ፦ ከአንድ ቃል በላይ ከሆነ ያዙሩት። የተዞረ ጽሑፍ የቃሉን ቅርጽ እንደያዘ ይቆያል፤ አንገት ትንሽ ቢያዘነብልም ይነበባል። ወደ ቀኝ 90 ዲግሪ ካዞሩት ከላይ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ካዞሩት ከታች ወደ ላይ ይነበባል። ከታች ወደ ላይ የሚሄደው በግራ ጠርዝ ላይ ይስማማል፤ ሲጨርስ ዓይንን ርዕሱ አጠገብ ያደርሰዋል። በቀኝ ጠርዝ ላይ ከሆነ ከላይ ወደ ታች ይሂድ፤ ቀንና ቦታው ላይ ያወርዳል።

ፊደል በፊደል መደርደር የሚቻለው ከአራት እስከ ስድስት ፊደል ላለው ቃል ነው። የፊደላችን ስፋት ስለሚለያይ በግራ አያሰልፉት፤ «ጨ» እና «ር» በግራ ሲሰለፉ ዓምዱ ጥርሱ የረገፈ ይመስላል። እያንዳንዱን በመሐል መስመር ላይ ያድርጉት። በፊደላቱ መካከል ያለው ክፍተትም ከፊደሉ ቁመት ሩብ አይብለጥ፤ ከበለጠ ዓምዱ ተበታትኖ ቁልቁል መሄዱን ያቆማል። በስክሪን ላይ ትንሽ አድርገው ሲያዩት ዓምዱ እንደ አንድ ቁም ዘንግ ካልታየዎት ክፍተቱን ይቀንሱ፣ ወይም ወፍራሙን የፎንት ዓይነት ይምረጡ።